ሐኪሙ ስለ አንተ ጠየቀኝ

አባባ፣

እንደምን ሰነበትክ አልልህም። በሕይወት ሳለህም ስትጠየቅ «ደህና» ብለህ ነገሩን የምትዘጋ ሰው ነበርክ፣ አሁንማ ይባስ። ከተለየኸን ይኸው ሦስት ዓመት ሞላህ፤ ሙት ዓመትህን ባለፈው ሚያዝያ አወጣን። ፍትሐት ተደረገልህ፣ ጎረቤት በላ ጠጣ፣ «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነበር» ተባለልህ። እኔ ጥግ ላይ ጠላ እቀዳ ነበር፤ ጨዋ በተባልክ ቁጥር ጥርሴን ነክሼ የሚቀጥለውን ዋንጫ ሞላሁ።

ሳትሞት «እርስዎ» ነበር የምልህ። ዛሬ «አንተ» ስልህ ድፍረት መስሎ ከታየህ ይታይህ፣ ምን ቸገረኝ! የምጽፍልህን ነገር በ«እርስዎ» ልጽፈው ሞክሬ ወረቀት ቀደድኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የኋለኛው ክፍል ቆርቆሮ ተቀይሯል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ፍለጋ መሯሯጥ ቀርቷል። ጫኖ ያለውን የበቆሎ ማሳህን ሙዝ አደረግኩት። ያኔ «አባቱ ሳይቀዘቅዝ» ብለው ያሙኝ ሰዎች ዛሬ እነሱም ሙዝ ተክለዋል። ማንጎዎችህን አልነካኋቸውም። እህቴ አስቴር ሶዶ ባል አግብታ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ የልጅቷ አፍንጫ ቁርጥ ያንተ ነው። እማዬ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ጥጧን ትፈትላለች፣ ፈትሏን ወደ ሲቀላ ሰፈር ገበያ ወርዳ ትሸጣለች። አንተ «የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ገበያ አትቀመጥም» ትል ስለነበር፣ ገበያውን የጀመረችው ከሞትክ በኋላ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሰኞ ሊነጋጋ ሲል በአውቶቡስ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ኦፕራሲዮን ልደረግ ነው። የቱን እንዳትለኝ፣ ታውቀዋለህ። በቤታችን ስሙ ያልተጠራውን ነገር ዛሬ ልጥራው፦ ጡት። ወንድ ሆኜ ሳለሁ ደረቴ ላይ የበቀለውን ጡት ሐኪም ቆርጦ ሊያወጣልኝ ነው።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር መሰለኝ። ከጥምቀት በኋላ ከሰፈር ልጆች ጋር ለመታጠብ ከዳገቱ ሥር ወዳሉት ምንጮች ወርደን ገና ሸሚዜን ሳወልቅ፣ አንዱ ወመኔ «አንቺ፣ የሴቶቹ መታጠቢያ ወዲያ ነው!» አለ። ልጅ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሸሚዜን ጨብጬ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ሌላ ሰው ጋ አልሄድኩም፣ አንተ ጋ ነው የመጣሁት። ሬዲዮ እያዳመጥክ ነበር። ፊትህ ቆሜ ደረቴን አሳየሁህና ምን ሆኜ ነው ብዬ ጠየቅኩህ። አንተ ግድግዳውን አየህ። «ቆልፍ» አልከኝ። እስክቆልፍ ጠበቅክና «ይህ ነገር በዚህ ቤት ሁለተኛ እንዳይነሳ፤ ዝም አይነቅዝም» ብለህ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረግከው።

በማግስቱ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስደህ ወፍራም የካኪ ጃኬት አሰፋህልኝ። የሲቀላን ሙቀት እያወቅክ! ከዚያ ወዲህ ጃኬት ከትከሻዬ ወርዶ አያውቅም። ጫኖ ላይ ሙዝ ስንጭን ሰው ሁሉ እስከ ወገቡ ራቁቱን ነው፤ እኔ እስከ አንገቴ ተቆልፌ በላብ እጠመቃለሁ። ጫኞቹ «ብርዱ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ሆድ ይፍጀው ብዬ አብሬ እስቃለሁ። ሽማግሌ ልኬ እሺ የተባልኩባትን ልጅ እንኳ ሠርጉ ሲቃረብ ሰበብ ፈልጌ ጥያታለሁ። እናቷ መንገድ ላይ ስታየኝ እስከ ዛሬ ፊቷን ታዞርብኛለች። ምን ልበላት? ልጅሽን ሳልጠላት ነው የተውኳት ብላት ማን ያምነኛል?

ከዚያ ሞትክ። ሬሳህ ሲገነዝ ውሃ የሚያፈስ ሰው ፈልገው እኔን ጠሩኝ። ከቤተ ክርስቲያን የመጡት ሽማግሌ ሹራብህንና ካናቴራህን በመቀስ ቀደው አወጡት። አየሁ፣ አባባ። የኔ ደረት ነበር። ቁርጥ የኔው፣ ግራው ከቀኙ ገፋ ማለቱ እንኳ ሳይቀር። ጣሳውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሽማግሌው አንዴ አንተን አንዴ የኔን ጃኬት አዩና መግነዙን ቶሎ ሳቡብህ፤ እስከ ዛሬም ትንፍሽ አላሉም። በቀብርህ ላይ እንባ እምቢ ሲለኝ ሰዎች ድንጋጤ ነው አሉ። ድንጋጤ አልነበረም። ቆሽቴ አርሮ ነው።

ለካ ታውቅ ነበር! ያን ቀን «እኔም እንዳንተው ነኝ፣ አይዞህ» ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር? እኔ እኮ በዓለም ላይ አንድ ለእናቱ የሆንኩ ጉድ መስሎኝ ነው ያደግኩት። ሌሊት ሌሊት እግዚአብሔርን ምን በድዬህ ነው እያልኩ ስጠይቅ፣ አንተ ከግድግዳው ወዲያ ተኝተህ መልሱን ታውቀው ነበር።

ያንተን ኮት ደግሞ አገር ያውቀዋል። በመጋቢት ፀሐይ፣ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ዶሮ እንኳ ጥላ ስትፈልግ፣ አንተ ቁልፎችህን ዘግተህ ትቆም ነበር። ሰው «የሰሜን ሰው ኩራቱ!» ይላል። መንግሥት ሲለወጥ ስብሰባ ጠርተው የገመገሙህ ጊዜ ዋናው ክስህ እሱ ሆነ። አባያ ዳር ቦይ ሲቆፈር ሁሉም ልብሱን ጥሎ ጭቃ ውስጥ ሲገባ፣ አንተ ኮትህን ለብሰህ ዳር ቆመህ በጣትህ ታዝዛለህ፤ ሕዝብ ትንቃለህ፣ ትምክህተኛ ነህ አሉህ። «አጥፍቻለሁ» ብለህ ተቀመጥክ። ከሥራም ወጣህ። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ አልቅሼልሃለሁ። አሁን ሳስበው ግን ወይ ጉድ እላለሁ። ደረቴን ከሚያዩት ትምክህተኛ ልባል ብለህ እንጀራህን አሳልፈህ ሰጠሃቸው።

ክፉ አባት ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ግን አልነበርክም፣ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ጫኖ ስንሄድ ማንጎውን በሰንጢህ ልጠህ ሥጋውን ለኔ፣ አጥንቱን ለራስህ ታደርግ ነበር። ወባ ሲይዘኝ እንደ ሴት አስታመምከኝ፤ ግንባሬ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየርክ እስኪነጋ አትተኛም። ያ ሁሉ ርኅራኄ የነበረው ሰው ለዚህ ነገር ብቻ ድንጋይ መሆኑ አይገባኝም።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት ሌላ ሚስት ካላጨንልህ ብለው ዘመዶች ሲጨቀጭቁኝ ነው። እንግዲህ ወይ ታክሜ አገባለሁ ወይ እንዲሁ ተቆልፌ አረጃለሁ ብዬ ቆረጥኩ። እዚሁ ሆስፒታላችን ያለው ሐኪም ልጅ እግር ነው። ጃኬቴን ለማውለቅ ስንት ጊዜ እንደተንተባተብኩ ብታይ! እሱ ግን ምንም ሳይመስለው መረመረኝ። ብዙ ወንድ ላይ በጉርምስና መጥቶ በራሱ ይጠፋል፣ ያንተ ስለቆየ መድኃኒት አይመልሰውም፣ እጢውን ማውጣት ነው ያለብን አለኝ። ያምሃል? ፈሳሽ አለው? የምትወስደው መድኃኒት አለ? መጠጥስ? ጉበቴን ዳሰሰ፣ ሌላም ሌላም አየ። በመጨረሻ «ከቤተሰብህ ወንዶች ይህ ያለበት አለ? አባትህ፣ አጎቶችህ?» አለኝ።

«የለም» አልኩት። አፌ ላይ የመጣው ያንተ ትምህርት ነው። ብዕሩን አስቀመጠና፣ በዘር ከሌለ ሌላ በሽታ እንዳይሆን ብዙ መመርመር አለብን፣ አዲስ አበባ ያለው ቀዳጅ ሐኪምም ይህንኑ ይጠይቅሃል፣ አዋቂ ዘመድ በደንብ ጠይቀህ ሂድ አለኝ። ሲጋራ ተው፣ አስፕሪን እንዳትውጥ አለኝ። ክንድህን ማንሳት ስለማትችል ከፊት የሚቆለፍ ሰፊ ሸሚዝ ያዝ፣ ደረትህ ለሳምንታት በፋሻ ይታሰራል፣ የሙዝ ሸክም የሚባል ነገር እንዳትነካ አለኝ። አስታማሚም ይዘህ ሂድ አለ። አስታማሚ ሲለኝ ከእማዬ ሌላ ማን አለኝ?

የኔን እማዬ ታውቀዋለች፣ እናት አይደለች? ያልታወቃት ያንተ ነው። እንዝርቷን እያሾረች ሳለ ፈራ ተባ እያልኩ አባባስ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኳት። «አባትህ ምንም የለባትም፣ ንጹሕ ናት» አለች፤ ያው እንደምታውቀው፣ ወንዱንም ሴቱንም አንድ አድርጋ። ቀጥላ የነገረችኝን ሳትሰማ መሞትህ ያሳዝነኛል። በትዳራችሁ ዘመን ሁሉ ካናቴራህን አውልቀህ አይታህ አታውቅም። መብራቱ ካልጠፋ አልጋ ላይ አትወጣም። በጨለማም እጇ ወደ ደረትህ ሲመጣ አንጓዋን ይዘህ ትመልሰው ነበር። የሸማኔ ልጅ ስለሆንኩ እጄን ተጸየፈው ብላ ደመደመች። ምን ታድርግ? አማርኛዋን በእንግዳ ፊት ታርማት ነበር፤ ወላጆቿ ከዶርዜ ሲወርዱ ሥራ ይበዛብህ ነበር። ይህንን ሁሉ ገጣጠመችና አመነችው። እንደተናቀች ወለደችልህ፣ እንደተናቀች አስታመመችህ፣ እንደተናቀች ቀበረችህ፤ ለማንም ሳትናገር። ዝም አይነቅዝም ነበር ያልከው? ነቀዘ እንጂ፣ አባባ! ውስጥ ለውስጥ ነቅዞ አለቀ።

ስለዚህ ነገርኳት። ቀላል እንዳይመስልህ፤ መግነዝ የሸፈነውን የአባቴን ገላ እኔው መልሼ መግለጤ ነው። ግን አንተ ሞተሃል፣ እሷ አለች። ያየሁትን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። እንዝርቷ ቆመ። «ለዚች ብላ ነው?» አለች። ባጭሩ ሳቀች። ከዚያ በቀብርህ ቀን ያላየሁባትን ለቅሶ አለቀሰች። «እኔ ብነካት ምን ልሆን ነበር?» እያለች ነው ያለቀሰችው። ስትጨርስ በጋሞኛ አወረደችብህ። ምን እንዳለች አልጽፍልህም፤ ያን ያህል ዘመን አብረሃት ኖረህ ቋንቋዋን ስላልተማርክ ብጽፍልህም አይገባህም።

በማግስቱ ብቻዋን መቃብርህ ድረስ ሄዳ ነበር። ምን አልሽው ብላት «ሰደብኳት፤ ከዚያ ሣሩን ነቀልኩላት» አለችኝ። ማታ ስንቃችንን አዘጋጀች፤ ዳቦ ቆሎውን በትልቁ ከረጢት ሞላችው። ከሶዶ ወዲያ ተሻግራ የማታውቅ ሴት አዲስ አበባ ልትከተለኝ ነው። የአዲስ አበባው ሐኪም ከቤተሰብህ ማን አለበት ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «አባቴ» እላለሁ። ስምህንም ከጠየቀኝ እነግረዋለሁ።

አልዋሽህም፣ እፈራለሁ። ቢላዋውን እፈራለሁ፣ ማደንዘዣውንም እፈራለሁ። ይቅር ብየሃለሁም አልልህም፤ ገና ነው። ግን አልረሳህም። ከዚህ ተርፌ ትዳር ይዤ ወንድ ልጅ ቢሰጠኝ፣ እሱም አንድ ቀን እያለቀሰ ቢመጣብኝ፣ ጠባሳዬን አሳየዋለሁ። አያትህም እንዲህ ነበር፣ ጎበዝ ሰው ነበር፣ አፍሮ ኖሮ አፍሮ ሞተ፣ አንተ እንዳታፍር እለዋለሁ። እንግዲህ የማስታውስህ በዚህ ነው።

ልጅህ