አምቡላንሳችንን አራት ጣት ከፍ ላደረጉልን ኃላፊ

ለክቡር የተሽከርካሪ ስምሪትና ንብረት ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? ወገብዎና አንገትዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ፤ የእኔዎቹ ከመስከረም ወዲህ ደህና ስላልሆኑ የጤናን ዋጋ ከሌላው ሰው ይበልጥ አውቀዋለሁ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያና ከዚያ በላይ ወዳሉት ቀበሌዎች የሚመላለሰውን አምቡላንስ አሥራ አራት ዓመት የነዳሁ አምሳሉ ነኝ። በግልጽ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው አምስት ማመልከቻዎች እስካሁን እርስዎ ዘንድ አልደረሱም፤ ምናልባት እነሱንም የጫናቸው የእኔ መኪና ይሆናል።

ነገሩ የግል ጭንቀትም አለበት። ልጄ የኔአለም የተዳረችው ከሮብ ገበያ በላይ ነው። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ በዚህ ወር የምትወልደውን ማርቆስ ሆስፒታል እንድትወልድ ሐኪሞች አዘዋታል። የአልጋ ቁራኛ የሆኑትን አማቷን ጥላ ቀድማ መውረድ አልቻለችም፤ ቀኗ ሲደርስ ከዚያ የሚያወርዳት ይኸው መኪና ብቻ ነው።

በቅድሚያ ግን ምስጋና። ክረምቱ መንገዱን ቦርቡሮት የመኪናው ሆድ ድንጋይ እየመታ ሲያስቸግር፣ መንገዱ እንዲጠገን ለምነን ነበር። ኮሚቴዎ መንገድ የሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ መሆኑን አስተውሎ መኪናው ራሱ ከፍ እንዲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የመኪናውን ጀርባ በሚሸከመው ባሌስትራ ሥር ብረት ገባ፤ መኪናው አራት ጣት ከፍ አለ፤ እርስዎም ከጎኑ ቆመው ፎቶ ተነሡ። መኪናው የቆመ ስለነበር ፎቶው አይንቀጠቀጥም።

ቅሬታ ለማለት ባልደፍርም ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አነሳለሁ፦

፩. ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናው ሃምሳ ሲደርስ ከወለሉ ሥር ያጉረመርማል፤ ስድሳ ላይ መሪው፣ አልጋውና የግሉኮሱ መስቀያ አብረው ይንቀጠቀጣሉ። መካኒካችን አበባው ምክንያቱን በመጀመሪያው ቀን ነግሮናል። ከካምቢዮው ወደ ኋላ እግር ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቸራ የሚባል መጋጠሚያ አለው፤ መኪናው ሲነሳ ዘንጉ ቁልቁል ስለተዘነበለ ክሮቸራዎቹ ተጣመው ይዞራሉ። መድኃኒቱ በአንድ ወገን ወፍራም፣ በሌላው ስስ የሆነ፣ የልብስ ሳሙና የሚያህል ብረት ነው። ግራና ቀኝ ከባሌስትራው ሥር ቢገባ በኋላ እግሮቹ መሐል ያለው ዲፈረንሻል አፍንጫውን ወደ ዘንጉ ቀና ያደርግና ነገሩ ያበቃል።

፪. ኮሚቴዎ የአበባውን ቃል የአንድ ሰው አስተያየት ነው ብሎ ስላለፈው ጎማዎቹ ሁለት ጊዜ ተለወጡ፤ መቀመጫዎቹ ታደሱ፤ እኔም ስለ ሥነ ምግባር የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። አባ ዘማርያምም አዝነውልን መኪናውን ጠበል ረጭተውታል፤ እስካሁን ከተወሰዱት እርምጃዎች ሁሉ ጉዳት ያላስከተለው እሱ ነው።

፫. በመጨረሻ ብረቱ ይሠራ ሲባል ከሦስት ድርጅት ፕሮፎርማ እንድናቀርብ ታዘዝን። በከተማችን እንዲህ ያለ ብረት ለክቶ የሚቆርጥልን ያገኘነው አንድ ቶርኖ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የጋሼ ቢተው ነው። የሌሉትን ሁለቱን እንድንፈልግ አንድ ወር ስለሰጡን እናመሰግናለን። ጋሼ ቢተው ነገሩ ቢሰለቻቸው ብረቱን ቆርጠው በነጻ ይዘውልን መጡ። ስጦታ ለመቀበል ደግሞ የስጦታ ተቀባይ ኮሚቴ መቋቋም አለበት ተባለ፤ ብረቱም በጋዜጣ ተጠቅልሎ ንብረት ክፍል ተቆለፈበት። ጠዋት ጠዋት በመስኮት አየዋለሁ። አበባው በአንድ ከሰዓት ይገጥመው ነበር።

፬. ክሮቸራዎቹ እያለቁ ስለሄዱ መኪናው አሁን ሃያ ላይም ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ረቡዕ ወልዳ ደም አልቆም ያላትን፣ ታየች የምትባል እናት ከላይ ሳወርድ፣ የመኪናው መንቀጥቀጥ ደሙን አባሰባትና ዘመዶቿ እንድቆም ለመኑኝ። አውርደው በቃሬዛ ተሸከሟት። ስምንት ወንዶች እየተቀባበሉ እስከ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ ከፊት ከፊት ሄዱ፤ እኔም መብራቱን አብርቼ፣ የተሸካሚዎቹን ጋቢ ጭኜ፣ ከኋላቸው ተከተልኩ። ታየች ተርፋለች። እኔ ግን በአሥራ አራት ዓመቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ክቡርነትዎ፣ ፈርቻለሁ። ልጄን እያንቀጠቀጥኩ ማውረድም፣ ትቻት መቅረትም አልችልም። ሌላ የማንኳኳው በር አላገኘሁም።

ኮሚቴዎ እንዲበዛ፣ መደርደሪያዎ እንዲሰፋ፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይደርቅ እየተመኘሁ፣ በውሳኔዎ ከመሬት ከፍ ብዬ የማገለግል

ታዛዥዎ
አምሳሉ፣ ሹፌር

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ልልክ ስል የእርስዎ ደረሰኝ። ረቡዕ ዕለት አምቡላንሱ ያለ ታካሚ ሰባት ኪሎ ሜትር ተጉዞ ስለተገኘ በጽሑፍ እንዳስረዳ፣ ጉዳዩ እስኪጣራም ቁልፉን እንዳስረክብ ያዛል። ቁልፉን አስረክቤያለሁ። የኔአለም ዛሬ ጠዋት ደውላ፣ ምጡ ሲጀምራት በስንት ሰዓት እንደምደርስላት ጠይቃኛለች፤ ምን ብዬ እንደምመልስላት በማኅተም ተደግፎ ቢገለጽልኝ። እየጠበቀች ነው።