ከአዳራሽዎ ተመልሶ ስለመጣው ጎመኔ

ይድረስ ለተከበሩ የታላቁ አዳራሽ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ፣ በተለይም የሆድዎ ጤና፣ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ እንግዶችዎ፣ ሞልተው የሚፈሱት ሳህኖችዎስ እንደምን ከረሙ? ከአዳራሽዎ ቁልቁል በወንዙ ዳር አትክልት የማለማዋ ጎረቤትዎ፣ ደህና ነኝ ለማለት አፌ እየተያዘም ቢሆን፣ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ። ዝናብ በጠፋበት ጊዜ እኔና ልጄ ውሃ በጀሪካን ተሸክመን ያሳደግነውን ጎመን ስለገዙኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በማግስቱ መልሰው ስለላኩልኝም እንዲሁ። ተቀቅሎ፣ በዘይት ተለውሶ፣ አንዴ ብቻ ከተገመጠ ሥጋና ከሩዝ ጋር ከወጥ ቤትዎ በሚመጣው ቦይ ወርዶ አጥሬ ሥር ቆሞ አገኘሁት። የሸጠውን ዕቃ እንዲህ ተሰናድቶ የተረከበ ነጋዴ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

አቤቱታዎቼን እንደ ገበታዎ አላበዛም።

፩ኛ/ ቦዩ በትርፍራፊ ተደፍኖ ውሃው ወደ መደቦቼ ስለገባ ችግኞቼ በስብሰዋል። ለማዳበሪያው ባመሰግንዎ ደስ ባለኝ፤ ዘይትና ጨው ግን ለችግኝ አይስማማም።

፪ኛ/ ጉድጓዳችን ተበክሏል። አማቴ ከእሱ ጠጥተው ታመሙ። ከሞት ተርፈዋል፤ አሁን ግን ውሃ ስንሰጣቸው መጀመሪያ ብርጭቆውን ያሸታሉ፣ ቀጥሎ የእኛን ፊት ያያሉ።

፫ኛ/ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ለእንግዳ መጀመሪያ በልኩ ይቅረብለት፣ ያልበቃው ይጨመርለት ብዬ ለምኜ ነበር። እርስዎም ከመቀመጫዎ ሳይነሡ፣ «ሳህን ካልሞላ እንግዳ ያማናል፤ ስማችን የቆመው በገበታችን ነው» አሉኝ። ስምዎ በእኛ ጉድጓድ ላይ መቆሙን ሳልነግርዎ ወጣሁ።

፬ኛ/ ልመናዬን የሰማችው ዋና ምግብ አብሳይዎ፣ በአንድ የምሳ ግብዣ ላይ እንዳልኩት አደረገች። ጥቂት ጥቂት አቅርባ ድስቱን ይዛ በየጠረጴዛው እየዞረች «ልጨምር?» አለች። ያስጨመሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን ጠግበው፣ አመስግነው ሄዱ። በማግስቱ በቦዩ የወረደው የሽንኩርት ልጣጭ ብቻ ነበር። ልጄ የወንዙን ጠጠር አይታ ሮጣ ጠራችኝ። እርስዎም ለዚህ ውለታ አብሳይዋን ከወጥ ቤት አንሥተው በር ጠባቂ አደረጓት። ይቅርታ ልጠይቃት ብሄድ አላስጨረሰችኝም። «እኔን ተዪኝ፤ ውሃሽ ጠርቷል ወይ?» አለችኝ። ጠርቶ ነበር። እሷ በር ላይ በቆመች ሳምንት ግን ተመልሶ ደፈረሰ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ ማሾፍ አቃተኝ። ጉድጓዱ ካልዳነ መሬቱን ትተን መሄዳችን ነው፤ አማቴ ደግሞ ከአልጋ ተነሥተው መንገድ የሚችሉ አይደሉም። ወዴት እንደምወስዳቸው አላውቅም። እንግዳዎ ይራብ አላልኩም። አንድ ጭልፋ ይቀንሱ፣ ያልበቃው ይጠይቅ፤ ያቺንም ሴት ወደ ድስቷ ይመልሷት። እባክዎ።

ከአዳራሽዎ በታች፣ ከአሳብዎም በታች የምኖር፣ የጥጋብዎን ትርፍ በየማለዳው በአካፋ የምቀበል፣
ታማኝ አትክልት አቅራቢዎና ጎረቤትዎ

ማሳሰቢያ፦ መልስ የሚጽፉልኝ ከሆነ አጭር ይሁን። ከሚበቃኝ በላይ ቢልኩልኝ፣ የተረፈውን የምደፋበት ጎረቤት ከበታቼ የለኝም።