ያልተቆረሰው ዳቦ

ለውድ ወንድሜ ለኦግኘን፣ ሊንዝ ከተማ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገቤን ያመኛል ያልከው ተሻለህ ወይ? ሚስትህ ሊልያናስ ደህና ናት? ትንሹ ፔታርስ ጥርስ አወጣ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ጉልበቴን ትላለች፣ እኔ ደግሞ በንዴት ልፈነዳ ደርሻለሁ። ብደውልልህ እንደ ልማድህ ታስቀኝና ንዴቴን ታበርደዋለህ፤ ስለዚህ ይኸው በወረቀት ልልቀቀው። አውቶቡሳችን የሃንጋሪ ድንበር ላይ ተሰልፎ ስለቆመ ጊዜ ሞልቶኛል።

ከተመረቅሁ ወዲህ ያየሁትን መቼም ታውቀዋለህ። ማስታወቂያው ሁሉ አዲስ ተመራቂ እንፈልጋለን ይልና ዝቅ ብሎ የአምስት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ልምዱን ከእማዬ ሆድ ይዤው ልውጣ? አንዷ ደግሞ ለአንድ ዓመት ነይና ልጆቼን ጠብቂልኝ፣ ውሻም አለን ብላ ጻፈችልኝ፤ ከውሻው ስም በቀር ስለ ሥራው አንዲት ቃል የለም። አንተስ ብትሆን? "ሊንዝ ነይ፣ ሆቴሉ አልጋ አንጣፊ ይፈልጋል፣ ዲግሪ ምን ያደርግልሻል?" አልከኝ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ፍራፍሬ ዛፍ የተማርኩት አንሶላ ልወጥር ነው እንዴ? የዚያን ቀን ስልኩ የተዘጋው መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፤ እወቀው።

በመጨረሻ ሆላንድ ውስጥ ፖም የሚያለማ ሰው እየሠራ የሚማር ተመራቂ ለአንድ ዓመት እንደሚፈልግ አገኘሁ። በቪዲዮ ሊያነጋግረኝ ተቀጣጠርን። ጸጉሬን አበጥሬ፣ በሬን ዘግቼ፣ ቅርንጫፍ እንዴት እንደሚከረከም ሳስረዳ አባባ በሩን በርግደው ገቡ። በአንድ እጃቸው የፕሪም አረቄ፣ በሌላው ሁለት መለኪያ! አንዱን ለእኔ አስጨበጡኝ፣ የራሳቸውን ወደ ስክሪኑ አነሱና "ለጤናችን በዪው!" አሉ። "አባባ፣ ፈተና ላይ ነኝ እኮ፣ በእናትዎ ይውጡልኝ" ብላቸው፣ "ሳይጎነጭ ሥራ የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቤት የለውም እንዴ?" ብለው እዚያው ቁጭ አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ሰውዬው ግን የሻይ ኩባያውን አንስቶ ለጤናቸው ጠጣ፤ በሳምንቱም ተቀብለንሻል ብሎ ጻፈልኝ።

እልል ያልኩ መሰለህ? ሠራተኞቹን የሚወስደው አውቶቡስ ከቤልግሬድ የሚነሳው በቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት ሆኖ ተገኘ። የቤታችን ጠባቂ ቅዱስ በሚከበርበት በዓል! አባባ ሲሰሙ "ከዚህ ቤት በበዓሉ ቀን እግሩን ያነሳ የለም" አሉ፣ በቃ። ሰውዬውን ጥቂት ቀን ጨምርልኝ ብዬ ብለምነው፣ አውቶቡሱ ካመለጠሽ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል አለኝ። እማዬ አለቀሰች፣ አባባም አኩርፈውኝ ከረሙ። ይበልጥ ያበገነኝ ማን እንደሆነ ታውቃለህ? አንተ ነህ። የበዓሉን ዳቦ ከመቆረሱ በፊት ከአባባ ጋር ይዞ የሚያዞረው የቤቱ ወንድ ልጅ ነው። አንተ ግን ፔታር ከመወለዱ በፊት ጀምሮ "ለከርሞ እመጣለሁ" እንዳልክ ነህ፤ በአንተ ቦታ ጎረቤታችን ሚሎራድ ይቆማል፣ አባባም የልጅ ልጃቸውን በስልክ እንጂ በዓይናቸው አላዩትም። አሁን ደግሞ የቀረሁት እኔ ጥያቸው ልሄድ፣ ያውም በዚያው ቀን! ይቅርብኝ ብዬ ለሆላንዱ ሰውዬ ልጽፍለት ሁሉ ተነስቼ ነበር።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ቄሱ በራችንን አንኳኩ። እኛ ቤት የሚደርሱት ሁልጊዜ ከቀትር በኋላ ነበር። ለካ አባባ ትናንት ሄደው ከሁሉ ቤት አስቀድመው ወደ እኛ እንዲመጡ ለምነዋቸው ኖሯል። እማዬ በሌሊት ልብሷ ሻማ ፍለጋ ተራወጠች። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ዳቦውን በመስቀል ምልክት ሰንጥቀው ወይን ሲያፈሱበት፣ አባባ ወደ እኔ ዞር ብለው "ነይ ያዢ" አሉኝ። "እኔ?" ብላቸው "ዝም ብለሽ አዙሪ! አውቶቡስሽ ሰዓት እንዳለው ሁሉ ቅዱሱም ሰዓት አለው" አሉኝ። አዞርነው፣ ቆረስነው። እጃቸው ከስቷል፣ ኦግኘን። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ፤ ያን ያህል ቀርቤ ቆሜ አላውቅም ነበር። ከዚያ ሻንጣዬን ራሳቸው ተሸክመው የግቢውን በር ከፈቱልኝ።

አውቶቡሱ ሊንዝ ላይ እንደሚቆም ደውዬ ስነግርህ ደግሞ ምን አልከኝ? "ፈረቃ ላይ ነኝ፣ ዕቃውን እንደ ወትሮው መናኸሪያው አጠገብ ያለችው የኪዮስኳ ሴትዮ ጋ ተይልኝ።" እህትህ በደጅህ ስታልፍ አንተ የምታስበው እማዬ ስለላከችልህ የቃሪያ ብልቃጥ ነው! ተናድጄብሃለሁ። ናፍቀኸኛልም፤ ይኼኛው ደግሞ ይብሳል።

እሺ፣ እተውልሃለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ እዚያው ታገኘዋለህ። ከቃሪያው ጋር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ዳቦ አለ። እማዬ ከትልቁ ሊጥ ቆንጥራ ለአንተ የጋገረችው ነው። አልዞረም፣ አልተቆረሰም። እማዬ "ልቁረጥለት?" ብትላቸው አባባ "ተዪው፣ እንዳለ ይሂድ" አሉ።

ሊልያናን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ የፔታርን ሁለት ጉንጮች በእኔ ፋንታ ንከስልኝ። በዕቃው ውስጥ ያለው ሹራብ የእሱ ነው፣ እማዬ በግምት ስለሠራችው ቢጠበው እንዳትስቁባት። ሚሎራድ ሰላም ብሎሃል፤ በአንተ ቦታ መቆሙ እንደሰለቸውም ንገሪልኝ ብሏል። አባባ ሰላም በዪው አላሉኝም። ዳቦው እንዳይሰበር በልብሶቼ መሃል ያስቀመጡት ግን እሳቸው ናቸው። ለብቻ እንደማይዞር ታውቃለህ፤ ሁለተኛው እጅ የት እንዳለም ታውቃለህ። ሳይደርቅ ይዘኸው ወደ ቤት ግባ።

እህትህ ቪሽኛ

ሃንጋሪ ድንበር ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ
በቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት፣ ዲሴምበር 19 ቀን 2023