አምስት ቮልት ብንጠይቅ አስራ ሁለት ለቸሩን ኃላፊ

ለክቡር አቶ ፍሬምናጦስ
የማኅበራችን የግዢና ንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ተክለ ሃይማኖት፣ ዋናው ቢሮ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የቢሮዎም መብራት ሳይቆራረጥ የሚበራ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኛም በጌጃ ሰፈር የድምፅ መጻሕፍት ቤት የምንገኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎ፣ ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ደብዳቤዎች በሥራ ብዛት ሳይከፈቱ ቀርተው ከሆነ፣ ይህኛው ሳይታሸግ ቢመጣ ለክቡርነትዎ አንድ ድካም ይቀንሳል ብዬ ነው።

ከእርስዎ ሌላ ለሚያነቡትም ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስለ ቤታችን ጥቂት ማለት ይኖርብኛል። ማኅበራችን ከልደታ ወደ ጌጃ ሰፈር በሚያስገባው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል አለችው፤ ዓይነ ስውራን እየመጡ መጽሐፍ የሚያዳምጡባት ናት። እኔ ነስሪን የክፍሏ ኃላፊም፣ ጽዳትም፣ ቁልፍ ያዥም ነኝ። በመደርደሪያዋ ላይ ከአንድ የተዘጋ ማሠልጠኛ በስጦታ ያገኘናቸው አስራ ሁለት ትናንሽ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው መዳፍ የሚያክሉ፣ ሁሉ ነገራቸው በአንዲት ቦርድ ላይ ያለቀ፣ በኔትወርክ ገመድ ተያይዘው እንደ አንድ ማሽን የሚሠሩ። አንደኛው መጻሕፍቱ የተቀረጹበትን ዲስክ ይዟል፤ የቀሩት ደግሞ ድምፁን እየተቀበሉ ለየአንባቢው በማዳመጫ ያደርሳሉ። ስጦታው ሲመጣ ሁሉ ነገር ነበረው፤ ኤሌክትሪክ የሚመግበው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ጎደለው። ወደ ክቡርነትዎ ደጅ የመጣነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዲስኩ ላይ ያለው ድምፅ የጋሽ በድሉ ነበር። ጋሽ በድሉ ከፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት በጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በየጠዋቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ልክ ሥራ እንደሚገባ ሰው ወደ ክፍላችን እየመጡ የሕግ መጻሕፍትን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብለው አነበቡልን። አንድ ቃል ከተሳሳቱ ገጹን ከላይ ይጀምሩታል። ተዉ፣ ይበቃል ስላቸው፣ የሚሰማው ሰው ወረቀቱን አይቶ ሊያርመኝ አይችልምና ልክ መሆን ያለብኝ እኔ ነኝ ይሉኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ዐረፉ። ድምፃቸው ግን አልሞተም ብለን ተጽናናን።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ያደረጉልንን አንድ በአንድ አንሥቼ እንዳመሰግን ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ንባብ ትጋትዎ። በማመልከቻዬ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦ አምራቹ በወረቀቱ እንደገለጸው እያንዳንዱ ቦርድ አምስት ቮልት እና እስከ ሦስት አምፔር ይፈልጋል፤ አስራ ሁለቱ በአንድ ላይ ሲሠሩ ሠላሳ ስድስት አምፔር ይሆናል፤ ዲስኩና የኔትወርክ ማከፋፈያው ሲጨመሩ፣ ዕቃውም ዘወትር እስከ መጨረሻ አቅሙ እንዳይጨነቅ ትርፍ ሲተውለት፣ አምስት ቮልት ስልሳ አምፔር የሚሰጥ አንድ ደህና ፓወር ሰፕላይ ይበቃናል። ይህ ልዩ ዕውቀት አይደለም፤ ማባዛት የሚችል ሰው ሁሉ የሚደርስበት ነው። ከቢሮዎ የመጣልን ግን ባለ አስራ ሁለት ቀዳዳ የስልክ ቻርጀር ነበር። የካርቶኑ ፊት በትልልቅ ፊደል «በየቀዳዳው 3 አምፔር» ይላል፤ ጀርባው ደግሞ ዓይን አጥብቦ ለሚያይ «በድምሩ 10 አምፔር» ይላል። ፊት ለፊቱን ስላነበቡልን እናመሰግናለን፤ ጀርባውን ለእኛ ስለተዉልንም እንዲሁ።

2ኛ. ስለ ትዕግሥት ትምህርት። ሦስት ሰው ሲያዳምጥ ቻርጀሩ እንደ ምንም ይችለዋል። አራተኛው ሲቀመጥ ቮልቱ ይወርዳል፣ ቦርዶቹ ጠፍተው እንደገና ይነሣሉ፣ አንባቢውም ሁሉ ወደ ምዕራፉ መጀመሪያ ይመለሳል። ስለዚህ የቀሩትን ቦርዶች ነቅዬ ሰውን በሦስት በሦስት ማስገባት ጀመርኩ፤ ሌሎቹ ከውጭ አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ከእነዚህ አንዷ መይሙና ናት። ቀን በአንድ ድርጅት ስልክ ታነሣለች፣ ማታ ሕግ ትማራለች፤ በመካከል ያላትን ጊዜ እኛ ጋ ታሳልፋለች። እንደ እርስዋ ያለ ተማሪ የሚሰማው ሌላ የሕግ መጽሐፍ በዚህ አካባቢ የለም። ያን ሰሞን የውርስን ሕግ ጀምራ ነበርና፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ስንት ጊዜ ወደ መጀመሪያው ከተመለሰባት በኋላ ማዳመጫውን አውልቃ «ነስሪንዬ፣ ሟቹ በየቀኑ ይሞታል፤ ወራሾቹ ጋ ግን አንድም ቀን ደርሼ አላውቅም» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። ክቡርነትዎ ባይኖሩ ኖሮ ይህን ሳቅ ከየት እናገኘው ነበር?

3ኛ. ስለ ቁጠባዎ። በዚያው ማመልከቻ የጋሽ በድሉ ድምፅ በአንድ ዲስክ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር መጠባበቂያ ሁለተኛ ዲስክ ለምኜ ነበር። «ማኅበሩ ያለውን ንብረት ደግሞ አይገዛም» የሚል ባለ ማኅተም መልስ ደረሰኝ። ማኅተሙ በጣም ያምር ነበር።

4ኛ. ስለ ልግስናዎ። ቻርጀሩ እንዳልበቃን በተደጋጋሚ ካመለከትኩ በኋላ አዲስ ፓወር ሰፕላይ መጣ፤ ከባድ፣ ብረት ለበስ፣ የሱቅ ማስታወቂያ መብራት የሚያበራው ዓይነት። አስራ ሁለት ቮልት ነው። ተክለ ሃይማኖት ድረስ መጥቼ ቢሮዎ ገባሁ፤ በክብር አስቀመጡኝ፤ ነገሬንም እስከ መጨረሻ ከሰሙ በኋላ «አምስት ጠይቃችሁ አስራ ሁለት ሰጠናችሁ፤ ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?» አሉኝ። አምፔር ቢበዛ ቦርዱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ወስዶ የቀረውን እንደሚተወው፣ ቮልት ሲበዛ ግን ሳይጠየቅ ገብቶ እንደሚያቃጥል በተቻለኝ መጠን አስረዳሁ። በዚህ መካከል ስልክዎ ጠራ። ለጨዋነትዎ ምስክር ነኝ፤ እያወሩ በእጅዎ ደህና ዋይ ብለውኛል። ተመልሼ ዕቃውን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገባሁት፤ በላዩም «ከኮምፒውተሮቹ ጋር እንዳይገናኝ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት።

5ኛ. ስለ ምርቃቱ ዕለት። ይህ ምስጋና ትንሽ ረዘም ይላልና ይታገሡኝ።

እንግዶች ኮምፒውተሮቹን ሊመርቁ፣ ክፍሏንም ሊጎበኙ የመጡ ዕለት አንባቢዎቻችን ለብሰው አምረው ቀድመው ተቀምጠው ነበር። ጠዋቱን ሦስቱ በቻርጀሩ እየሰሙ ነበር፤ መይሙናም ከሦስቱ አንዷ ነበረች። እርስዎን ከመደርደሪያው ላይ የሦስቱና የዲስኩ፣ አራት መብራት ብቻ መብራቱ ለፎቶ አላማረዎትም። እኔን እንግዶቹን ከታክሲ ማቆሚያው እንድቀበል ላኩኝ፤ የክፍልዎ ባልደረባ አቶ አምሳሉን ደግሞ አስራ ሁለቱንም በአዲሱ ዕቃ እንዲያበራ አዘዙት። አምሳሉ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ወረቀቴን አየ። አንብቦም ዝም አላለም፤ ይህ እኮ አይሰካ ይላል ብሎ አሳየዎት። «ወረቀቱን አንሣና አገናኘው» አሉት። ይህን አምሳሉ የነገረኝ በማግስቱ ደጃፌ ላይ ቆሞ ነው፤ ውስጥ ግባ ብዬ ብለምነውም አልገባም አለ። በእርሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። የልጆች አባት ነው፤ ከእኔ ወረቀት የእርስዎ ቃል ይከብዳል።

እኔ ከእንግዶቹ ጋር ስደርስ ሽታው ከደጅ ተቀበለን። እርስዎም ፈገግ ብለው አዲስ ዕቃ መጀመሪያ ላይ እንዲህ እንደሚሸት ለእንግዶቹ አስረዱ፤ እንግዶቹም አመኑ፤ ተጨበጨበ። መደርደሪያው ላይ አንድም መብራት አልነበረም። አንባቢዎቹ ምን እንደ ሆነ የነገራቸው ሰው ስለሌለ ማዳመጫቸውን እንዳደረጉ ድምፁ እስኪመለስ ይጠብቁ ነበር። አጠገቧ ስደርስ መይሙና በእግሬ ኮቴ አወቀችኝና በቀስታ «ነስሪን፣ ጋሽ በድሉ ዝም አሉ» አለችኝ።

ማዳመጫውን ከጆሮዋ አነሣሁላት። ንግግርዎ ተጀምሮ ነበር።

6ኛ. ስለ ፍትሕዎ። ቦርዶቹ ሁሉ ተቃጥለዋል። ዲስኩን መርካቶ ላለ ጠጋኝ ሰጠሁት፤ ከፍቶ አይቶ መለሰልኝ። ሌላ የተሻለ አለ ወደተባለው ወሰድኩት፤ እርሱም የማስታወሻ ቺፑ ራሱ መቃጠሉን በአጉሊ መነጽር አሳየኝና፣ ሰው ሞቶብኝ እንደሆነ ሁሉ እግዜር ያጽናሽ አለኝ። ከቢሮዎ የተላከው የማጣራት ውጤት ግን ነገሩን በአንድ መስመር ጨርሶታል፦ «በክፍሉ ኃላፊ የንብረት አያያዝ ጉድለት የደረሰ ጉዳት»። ደሞዝ ስላልተነካብኝ አመሰግናለሁ፤ ስሜ ግን ተነክቷል፣ እርሱንም በግልጽ ደብዳቤ ከመመለስ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

የዲስኩን ነገር ለጋሽ በድሉ ባለቤት ለወይዘሮ ትርፌ ማን ይንገር የሚለውን ጉዳይ ክቡርነትዎ ለእኔ በመተውዎ ደግሞ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። ወይዘሮ ትርፌ ባላቸው ካረፉ ጀምሮ ክፍላችንን አልረገጡም ነበር። ልቤ ሲረጋ መጥቼ እሰማዋለሁ፣ የት ይሄዳል፣ እዚያው አይደል ይሉኝ ነበር። ቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። የቀሚሳቸውን ጫፍ አጥፈው ዘረጉና ምንም አልቀረም ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የቀረ ነበር። የምንቀርጽባት ትንሽዋ መቅጃ በየቀኑ ወደ ዲስኩ ተገልብጣ ትጠረጋለች፤ ጋሽ በድሉ በመጨረሻው የንባብ ቀናቸው ያበላሹት አንድ ቅጂ ግን አያስፈልግም ተብሎ ሳይገለበጥ በውስጧ ቀርቶ ነበር። ይዤላቸው ሄጄ ነበርና ከፈትኩላቸው። ጋሽ በድሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ይጀምራሉ፣ ሳል ያቋርጣቸዋል፣ ከዚያ «ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ ጠጥቼ እስክመለስ ቆዩኝ» ይላሉ። ወንበር ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ወይዘሮ ትርፌ ደግሜ እንድከፍተው ጠየቁኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ አልጠየቁኝም። መቅጃዋን ትቼላቸው ወጣሁ፤ የማኅበሩ ንብረት ናትና ይህንንም በአያያዝ ጉድለቴ ላይ ይጨምሩልኝ።

መይሙና ለፈተናው አልቀረበችም። የውርስ ሕግ ግማሹ ላይ ደርሳ ነበርና፣ በግማሽ ሕግ ሰው ፊት አልቆምም ብላ ትምህርቷን አቋረጠች። የማታ ትምህርት አስተማሪዋ በሚቀጥለው ዓመት ትመለሻለሽ ብሏታል። በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚያነብላት አልነገራትም።

ክቡርነትዎ፣ በዚህ ደብዳቤ የምጠይቅዎ ነገር የለም። ትክክለኛው ፓወር ሰፕላይ ዛሬ ቢመጣ የሚሰካበት ቦርድ የለም፤ ቦርዱ ቢገኝ የሚያነበው ድምፅ የለም። ተጠያቂ ይኖራል ብዬም አልጠብቅም፤ ማጣራቱ የሚመለሰው ወደዚያው ወደ እርስዎ ጠረጴዛ እንደሆነ አውቃለሁ። የጻፍኩት፣ ያ ሽታ የአዲስ ዕቃ ሽታ እንዳልነበረ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው እንኳ እንዲያውቅ ብዬ ብቻ ነው።

ሹመትዎ የጸና፣ ፊርማዎ የጠቆረ፣ የሚገዙት ሁሉ ከሚጠየቁት የበለጠ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት በቀር ምንም ባልቀረልን አንባቢዎች ስም፣ ከልብ በመነጨ ምስጋና፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ነስሪን ረሻድ
ቀድሞ የድምፅ መጻሕፍት ቤት በነበረችው ክፍል፣ አሁንም ቁልፍ ያዥ
ልደታ፣ ጌጃ ሰፈር

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ መይሙና ትመጣለች፤ ደጃፉ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እኔ አነብላታለሁ። መኪናው ይጮኻል፣ ድምፄ ቶሎ ይሰልላል፣ የመጽሐፉ መጨረሻ እንደማንደርስም ሁለታችንም እናውቃለን። የእርስዎ ድምፅ ጠንካራ መሆኑን ግን በንግግርዎ ሰምተናልና፣ አንድ ቅዳሜ ብቅ ብለው ጥቂት ገጽ ቢያነቡልን ቦታ አናጣም። ሲመጡ ብቻ፣ እባክዎ፣ ምንም ነገር ገዝተውልን እንዳይመጡ።