ሊዙ ላይ የሌለችው ልጄ

ሰኞ

ጥፋቱ የተሾመ ነው። ሌላ ማንም የለበትም። ልጃችን ሰናይት ከሀያትስቪል ደውላ ስታለቅስበት፣ እኔን ሚስቱን ሳይጠይቅ፣ «ነይ፣ ቤትሽ ነው» አላት። ቤትሽ ነው! ቤቱ የእኛስ መቼ ሆነና? ለሽማግሌዎች ብቻ የሚከራይ ሕንጻ ነው፤ ሊዙ፣ የኪራይ ውሉ፣ ላይ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን። እንግዳ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቀመጥም። ልጅም ቢሆን።

ዛሬ መኪናዋን ሞልታ መጣች። ልብስ ትንሽ፣ መጽሐፍ ብዙ። ያየ ሁሉ ልትኖር እንደመጣች ያውቃል። ለዶክትሬቷ ስትማር ዩኒቨርሲቲው ይከፍላት ነበር፤ አቆመባት። ትምህርቷ አላለቀም፣ ኪራዩን ግን አልቻለችም። እኔ ፊደል የለየሁት በስልሳ ዓመቴ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ተሾመ ዕድሜውን ሙሉ ጋዜጣ ሲያነብ አንድ ቀን «ነይ ላሳይሽ» አላለኝም። ለልጁ ግን ነይ ማለት ቀለለው።

አራተኛ ፎቅ የነበሩት ጋሽ ንጉሤ ልጃቸውን ደብቀው ሲያኖሩ ተገኝተው ውጡ ተባሉ። አሁን አሌክሳንድሪያ፣ የሰው ቤት ሥር፣ ቤዝመንት ውስጥ ናቸው። በዚህ ዕድሜዬ ቤዝመንት! ሳስበው ጽሕፈቴ ተበላሸ።

ማክሰኞ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለሰናይት የነገርኳት፦ ኮሪደር ላይ ስልክ አታውሪ። የሕንጻው ቢሮ ክፍት ሲሆን በደረጃ ውረጂ እንጂ ሊፍት አትያዢ። መኪናሽን ራቅ አድርገሽ አቁሚ። በር ሲንኳኳ መኝታ ቤት ግቢ።

«ማሚ፣ ክሪሚናል ነኝ እንዴ?» አለችኝ እየሳቀች።

ተሾመ ከሶፋው ሳይነሳ፣ «እናትሽ ፖሊስ መሆን ነበረባት» አለ። ሁለቱ ተሳሳቁ። በዚህ ቤት የምፈራው እኔ ብቻ ነኝ።

ከስታለች። ሽሮ ሠራሁላት፤ ሳህኑን ጠረገችው። ከዛሬው ቀን ደስ ያለኝ ይኸው ነው።

ረቡዕ

የፈራሁት ደረሰ። ሊፍት ውስጥ እትዬ ዘነበች ገቡብን። የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሕንጻው ውስጥ ከገቡ ቅርብ ጊዜ ነው፣ የማያውቁት ወሬ ግን የለም። ሰናይት በትምህርቷ ምክንያት እምብዛም አትመጣም ነበርና አይተዋት አያውቁም።

«የሺ፣ ይቺ ቆንጆ ማን ናት?»

«የእህቴ ልጅ ናት። ከሄርንደን ልትጠይቀኝ መጥታ ነው።»

አፌ አመጣው። ሰናይት የፎቁን ቁጥር ስታይ ቀረች።

የእኛ ሰው ደግሞ እንግዳ መጣ ሲባል ዝም ብሎ አይቀመጥም። አመሻሽ ላይ እትዬ ዘነበች ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ ዳቦ ይዘው፣ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏት መጡ። ኮሪደሩ በሳቅ ተሞላ። ሰው እደብቃለሁ ብዬ ደጄ ላይ ሠርግ ደገስኩ።

እትዬ ዘነበች ሰናይትን አገላብጠው ሳሟት። ተሾመን አዩ፣ መልሰው እሷን አዩ። «አንቺ የሺ፣ የእህትሽ ልጅ የባልሽን አፍንጫ ከየት አመጣችው?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ተሾመም አብሮ ሳቀ። እኔ ዳቦ ልቁረስ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ሰናይት ዳቦውን አልቀመሰችም።

ሐሙስ

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በእንግሊዝኛ። ተሾመ አነበበው፤ ነገ ጠዋት ኢንስፔክሽን፣ የቤት ፍተሻ ነው። «የጭስ አላርም ሊያዩ ነው፤ የሁሉም በር ላይ አለ» አለኝ። ወጥቼ አየሁ፤ እውነትም የሁሉም በር ላይ አለ። ልቤ ግን አላመነም። እትዬ ዘነበች ናቸው የተናገሩብኝ። ወይ ከሴቶቹ አንዷ።

የመጽሐፍ ካርቶኖቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። ያልገቡትን ጋቢ አለበስኳቸው። ጋቢ የለበሰ ካርቶን የተኛ ሰው ይመስላል፤ መልሼ ገለጥኩት።

ሰናይትን፣ «ነገ እስኪሄዱ መኪናሽ ውስጥ ቆዪ» አልኳት።

«እሺ» አለች። ሌላ ጊዜ «ኦኬ ማሚ» ነው የምትለው። ይህ እሺ አስፈራኝ።

ዓርብ

ተሾመ የሐኪም ቀጠሮ አለኝ ብሎ ወጣ። ጭንቅ ሲመጣ ሁልጊዜ ቀጠሮ አለው። በሩ ሲንኳኳ ዞር ብል ሰናይት አልሄደችም፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች። ተነሺ ብዬ በእጄ ብጠቁማት አልተነሳችም።

የሕንጻው ኃላፊ ማኔጀሯና አንድ የጥገና ሠራተኛ ገቡ። ሰውየው መሰላል ላይ ወጥቶ አላርሙን ሲያስጮኸው ነፍሴ ልትወጣ ነበር። ማኔጀሯ ካርቶኖቹን አየች፣ ሰናይትን አየች፣ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ትናንት ነው የመጣሁት፣ ነገ እሄዳለሁ በያት» አልኳት ሰናይትን።

ሰናይት ተነስታ ተናገረች። እኔ ያልኩት አጭር ነበር፤ የእሷ ረዘመ። «ማዘር» የሚለውን ብቻ ሰማሁ። ማኔጀሯ ፈገግታዋ ጠፋ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ታያለች። ፍሪጁን ተደግፌ ቆምኩ። በገዛ ቤቴ የሚፈረድብኝን አላውቅም።

ሲወጡ፣ «ምን አልሻት?» አልኳት።

«እውነቱን። ልጃቸው ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲው ፈንዴን አቆመ፣ መሄጃ የለኝም አልኳት። በኔ ምክንያት ታስወጫቸዋለሽ ወይ ብዬ ነው መጀመሪያ የጠየቅኳት።»

«እሷስ?»

«ቀድማችሁ መንገር ነበረባችሁ አለች። አፕላይ አድርጊ፣ ሊዙ ላይ እንድትገቢ አለቆቼን እጠይቃለሁ፣ እስከዚያ ቆዪ አለችኝ። ፕሮሚስ ግን አላደረገችም።»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማሚ፣ ውጪ ካልሽኝ ዛሬ እወጣለሁ። የእህትሽ ልጅ ግን አይደለሁም» አለችኝ።

መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ቅዳሜ

ስልክ በጮኸ ቁጥር ቢሮው እየመሰለኝ ለሰናይት አቀብላታለሁ። መልስ አልመጣም። ተሾመ፣ «አላልኩሽም? ምንም አይሉም» ይላል። እሱማ ምን አለበት፤ በሰዓቱ አልነበረም።

ሰናይት ላይብረሪ ልትሄድ ስትነሳ አብሬያት ወጣሁ። ታች ሊፍቱ ሲከፈት እትዬ ዘነበች ቆመዋል፣ ከጎናቸው የማላውቃት ሴት።

«ውይ፣ እንግዳችን አልሄደችም እንዴ!»

«እንግዳ አይደለችም፣ እትዬ። ልጄ ናት። ከእኛ ጋር ነው ያለችው።»

«እሱንማ መቼ አጣሁት» አሉ። «ሰሞኑን ፊትሽ የጠቆረብኝ እኔ ያወራሁ መስሎሽ ነው አይደል?»

ሰናይት ክንዴን ያዘች፤ እስከ መኪናዋ ድረስ አልለቀቀችኝም።

አለቆቹ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ውጡ ቢሉን የት እንደምንገባም አላውቅም። እፈራለሁ። በማንም ፊት ግን ከእንግዲህ ልጄን አልክድም።