የመምህር ሚልኬሳ ዱቤና የቢ ሴሎቻቸው ታሪክ

መምህር ሚልኬሳ ዱቤ ከአባታቸው ከአቶ ዱቤ ሊሊሳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሥላሴ በጥር ወር 1950 ዓ.ም. በየካ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ተወለዱ። ሚልኬሳ ያሏቸው አባታቸው ሲሆኑ የክርስትና ስማቸው ዘመንፈስቅዱስ ነው። ገብስ ይዘራበት የነበረው የአባታቸው ማሳ ዛሬ ፎቅ ስለበቀለበት ቦታውን ለማሳየት ያስቸግራል። እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ስላረፉ፣ አዝለው ያሳደጓቸውና እጃቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ያስገቧቸው በዘጠኝ ዓመት የሚበልጧቸው እህታቸው ወይዘሮ ሰኚ ዱቤ ናቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአካባቢያቸው ከተከታተሉ በኋላ ኮተቤ የመምህራን ኮሌጅ ገብተው በ1972 ዓ.ም. በባዮሎጂ መምህርነት ተመረቁ። ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ለሠላሳ ስምንት ዓመታት አስተምረዋል። በ1978 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርክአዲስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንዲት ልጅ፣ ናፍቆትን አፍርተዋል።

ተማሪዎቻቸው እስከ ዛሬ የሚያነሱት የቢ ሴል ትምህርታቸውን ነው። በዕለቱ ለእያንዳንዱ ተማሪ ጠርዙ በተለያየ መልክ የተቆረጠ ካርቶን ያድላሉ። ቢ ሴል፣ በሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል፣ የሚወለደው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ እያንዳንዱም አንድ መልክ ብቻ የሚለይ መያዣ ይዞ ይፈጠራል ይሉ ነበር። ከመቅኔው ሳይወጣ ይፈተናል፤ የገዛ አካሉን የሚነክስ ሆኖ ከተገኘ ወይ መያዣውን ይለውጣል፣ ወይ ይወገዳል። ፈተናውን ያለፈው በደም ውስጥና በአንገት፣ በብብት ባሉ ዕጢዎች እየተዘዋወረ ይጠብቃል። ቀጥለው ከኪሳቸው የራሳቸውን ካርቶን አውጥተው “ጀርም መጣ!” እያሉ በየወንበሩ ያዞራሉ። ከስልሳ ተማሪ የአንዱ ብቻ ይገጥማል። እሱም ዘሎ አይነሳም፤ አጋዥ ቲ ሴል የተባለው የክፍል አለቃ መፍቀድ አለበት። ከተፈቀደለት በኋላ መልኩን በመቀስ እያባዛ ለጎረቤቶቹ ያድላል። አብዛኞቹ ጀርሙን የሚይዝ አንቲቦዲ የሚያመርቱ ሠራተኞች ይሆናሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ካርቶኑን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው ለከርሞ ያስታውሳሉ። ክትባት ማለትም ይኸው ነው፣ ጠላት ሳይመጣ መለማመድ።

በ1991 ዓ.ም. ካርቶኑ የገጠመለት ተማሪ ኤቢሳ የወይዘሮ ሰኚ ልጅ ነው። ጥያቄው በፈተና ሲመጣም አንድም አልሳተም። ይህን ታሪክ የጻፈው እሱ ነው።

መምህር ሚልኬሳ ከሥራቸው ጎን ለጎን የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት አገልግለዋል። በየቀብሩ ስም እየጠሩ የቀረውን የሚመዘግቡት እሳቸው ነበሩ፤ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቁም። ወይዘሮ ሰርክአዲስን እንኳ ሁለት ጊዜ ቀሪ ብለው መዝግበዋቸዋል።

በ2013 ዓ.ም. አንገታቸው ላይ ዕጢ አበጠ። ምርመራው የቢ ሴሎች ካንሰር መሆኑን አሳየ። “ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አመስግኛቸው ከዱኝ!” ብለው ሳቁ እንጂ አላማረሩም። የተሰጣቸው መድኃኒት የታመመውንም ጤነኛውንም ቢ ሴል አብሮ የሚያጠፋ ነበር። ካንሰሩ ጠፋ፣ እሰየው! ነገር ግን አዳዲሶቹ ቢ ሴሎች እንደታሰበው አልተተኩም፤ ክትባት ቢወጉም ሰውነታቸው አንቲቦዲ አላወጣም። ሐኪማቸውም “መምህር፣ ሰው ከተሰበሰበበት አይግቡ፤ ለእርስዎ ጉንፋን ጉንፋን ብቻ አይደለም” አሏቸው።

በእኛ ሰፈር ደግሞ ከለቅሶ የበለጠ ሰው የሚሰበሰብበት የለም። መምህር ጸሐፊነቱን አስረክበው ምክንያታቸውን ለዕድሩ በደብዳቤ አስረዱ። ግን ማን ይስማ! ሰውነታቸው ተመልሷል፣ ፊታቸው ወዝቷል። “ድኗል አይደል እንዴ?” ተባለ። “ጡረታ ሲወጣ ኮራ” ተባለ። “ሃይማኖቱን ለውጦ ነው” ያለም አልታጣም። እሳቸው በየቀብሩ ማግሥት ብቻቸውን ወደ መቃብሩ ይሄዱ፣ ሐዘንተኛውንም ከአጥር ውጭ ቆመው ያጽናኑ ነበር። ይህንን ግን እንደ መምጣት የቆጠረላቸው አልነበረም።

ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ወይዘሮ ሰኚ አረፉ። መምህር አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ በዚያ ዝናብ ከድንኳኑ ርቀው ባሕር ዛፍ ሥር ቆሙ። ለቀስተኛው ማጉረምረም ጀመረ። ኤቢሳ ወጣና “ጋሼ፣ እናቴ አዝላ ያሳደገችዎት ናት። ለእሷም እንደ ባዳ ውጭ ይቆማሉ? እኔስ ሰው ፊት ምን ብዬ ልቁም?” አላቸው። እሳቸውም “እሺ ልጄ፣ እገባለሁ” አሉ። ገቡም። እስከ ሠልስት ድረስ በሚያስለው ሰው መሐል ተቀመጡ። ኤቢሳ ደስ ብሎት ነበር። ትምህርቱን ረስቶ አይደለም፤ የሰው አፍ አሸንፎት ነው።

ነሐሴ 27 ቀን ትኩሳት ያዛቸው፤ የሳንባ ምች ሆኖ ሆስፒታል ገቡ። ከለጋሾች ደም የተጣራ አንቲቦዲ ታዘዘላቸው። ናፍቆትና ኤቢሳ ከኮተቤ እስከ መሪ ሰፈር፣ ከዚያም ከተማውን በሙሉ ፋርማሲ ለፋርማሲ አሰሱ፤ በተገኘ ጊዜ ነገሩ አልፎ ነበር። መስከረም 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

ከማረፋቸው በፊት ለባለቤታቸው “ኤቢሳን እንዳትወቅሱት፤ በገዛ እግሬ ነው የገባሁት” ብለዋል። ወይዘሮ ሰርክአዲስም ይህን ጽሑፍ አስቀድመው አንብበው “የድንኳኑን ነገር አውጣው፤ ጋሼህም ቢሆን አይወደውም ነበር” አሉት። ኤቢሳ ግን አላወጣውም። በእግራቸው መግባታቸው እውነት ነው፤ ያስገባቸው ግን እሱ ነው።

መምህር ሚልኬሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሰርክአዲስን፣ ልጃቸውን ናፍቆትን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ የእህታቸውን ልጅ ኤቢሳንና በየሙያው ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናል፦ ጉንፋን የያዘው ድንኳን አይግባ። ሕመም ኖሮበት ከአጥሩ ውጭ የቆመ ካለም እዚያው ይቁም፤ ለቅሶ ደርሷል፣ ማንም ቀሪ አይለውም።

እግዚአብሔር የመምህራችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ወይዘሮ ሰርክአዲስንና ናፍቆትን ያጽናልን። ኤቢሳንም ይቅር ይበለው።