ጫማ ሳያወልቅ ስለተመዘነው ባለቤቴ

ለተከበሩ የልብ ሕመምተኞች የአመጋገብ ምክር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ልብዎ በልኩ እየመታ፣ ደረጃውን ሳያርፉ እየወጡ፣ ጠዋት ያጠለቁት ጫማም ማታ ያለ ትግል እየወለቀልዎ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የጫማውን ነገር ያነሣሁት በድፍረት ሳይሆን በምክንያት ነውና ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

እኔ በሰፈሬ «ልክ አዋቂዋ» የምባል ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ የነዳ፣ ተቀምጦ በመዋል የወፈረ፣ ባለፈው ዓመት ልቡ ደክሞ ወደ ክፍልዎ የተላከ ሰው ነበር። ካረፈ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። የምስጋና ዕዳ ይዞ መቀመጥ ስለማይገባ የክፍልዎን ውለታ በተራ እዘረዝራለሁ።

፩ኛ. ስለሰጣችሁት የአመጋገብ ወረቀት አመሰግናለሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ጥሩ ወረቀት ነበር። ጨው ይቀንስ፣ የተጠበሰ ይቅር፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይብዛ ይላል። ባለቤቴ ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፎት ጠዋት ጠዋት እንደ ጸሎት ያነበው ነበር። ፌርማታ ላይ ይበላው የነበረውን የተጠበሰ ድንች ትቶ የተቀቀለ ባቄላና ካሮት በምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ጀመረ፤ ባልደረቦቹ «ጥንቸሉ መጣ» ሲሉት እየሳቀ ካሮቱን ያካፍላቸው ነበር። በሦስት ወር ስድስት ኪሎ ቀነሰ። ኮቱን ሁለት ጊዜ አጠበብኩለት፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ብሎኝ መርፌ ይዤ አላውቅም።

፪ኛ. ሰልፋችንን ስላሳጠራችሁልን አመሰግናለሁ። ከሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብለን ጫማ የምናወልቅበት አግዳሚ ወንበር ነበር። ክፍልዎ ማውለቁና ማሰሩ ጊዜ ይፈጃል ብሎ ወንበሩን አነሣና «ለጫማ አንድ ኪሎ ይቀነሳል» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ሰልፉ እውነትም አጠረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለቤቴን እግር ያየ የክፍልዎ ሰው የለም።

፫ኛ. ስለ ተግሣጹም እንዲሁ። በአራተኛው ወር ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ጨመረ፤ በአምስተኛው አምስት። አማካሪዋ «አባባ፣ ሚዛን አይዋሽም፤ ተደብቀው እየበሉ ነው» አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጫማው እንደጠበበው፣ ያለ ሁለት ትራስ መተኛት እንዳቃተው ሊነግራት ሲጀምር ባለተራው ተጠራ። ካርዱ ላይ በቀይ «ምክር አይቀበልም» ተብሎ ተጻፈበት። ቤት ሲገባ ከሳህኑ ግማሹን ወደ ድስቱ መለሰው፤ በማግስቱም እንዲሁ።

አራተኛውን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔ ነው። የእኔ ሜትር አንገቱ እንደ ሰለለ፣ ክንዱ እንዳለቀ ይናገር ነበር። ልክ አዋቂዋ ግን የገዛ እጇን ትታ የእናንተን ሚዛን አመነች። አንድ ቀን ገላውን ሲታጠብ ፍርፋሪ አገኝ ብዬ የኮቱን ኪስ በረበርኩ። ያገኘሁት ተጠቅልሎ የተቀመጠ የጫማ ክር ነው። እግሩ አልገባ ሲለው ክሩን አውጥቶ ኪሱ ከትቶት ኖሯል፤ እኔ ይህን እንኳ ሳልጠይቅ ፍርፋሪ ፍለጋዬን ቀጠልኩ። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። «አንቺም?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ምግብ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ትንፋሽ አጥሮት ድንገተኛ ክፍል ስንወስደው አንድ ወጣት ሐኪም በመጀመሪያ ያደረገው ካልሲውን ማውለቅ ነበር። በአውራ ጣቱ እግሩን ሲጫነው ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። የጨመረው ኪሎ ምግብ ሳይሆን ውሃ ነው አለኝ፤ ልቡ ሲደክም በሰውነቱ የተጠራቀመ ውሃ። በጊዜው ታይቶ ቢሆን ብዙ ማድረግ ይቻል እንደነበርም አልደበቀኝም። በሦስተኛው ቀን አረፈ። አንድ ጉርሻ ሳይሰርቅ፣ እየራበው፣ ሌባ ተብሎ ሞተ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ነገር ግን በሰልፋችሁ ላይ ጅቡ ገና ያልሄደባቸው ሰዎች ቆመዋል። ስለዚህ የማንንም ቅጣት አልጠይቅም። ካርዱ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ ይሰረዝልኝ፤ ምክር እንዲህ የተቀበለ ሰው አላየሁም። ወንበሩም ይመለስ።

ውድ ጊዜዎን በማንበብ እንዲያባክኑ ስላደረግሁ ደግሜ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለክፍልዎ ፈጣን ሰልፍ፣ እርስዎም እግርዎን የሚያይ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ልክ አዋቂ ትባል የነበረችው ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንበር የለንም እንዳትሉ አናጺው ጎረቤታችን አንድ ሠርቷል፤ ነገ ጠዋት ይደርሳችኋል። መቀመጫውን ከባለቤቴ ኮት አልብሼዋለሁ። ሚዛን ላይ ማውጣት ካስፈለገ ወንበሩ ጫማ የለውምና አንድ ኪሎ እንዳትቀንሱለት።